ከመቶ ያለፈው ቁጥርና ያልተቆጠረው ልጅ፦ የወንዶች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ተሳትፎ በኢትዮጵያ እንዴት ይለካል?

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ ሲታይ ቀላል የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል። በአንድ አገር ውስጥ ስንት ወንዶች ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተዋል? ቁጥሩስ ከዓመት ዓመት እንዴት ተለወጠ? የተመዘገቡትን መቁጠር፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት በደረሰ ልጆች ቁጥር ማካፈል፣ ከዚያም በመቶ ማባዛት ነው። ይህን ስሌት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ይሁን እንጂ ውጤቱን ለሠላሳ ዓመታት በአንድ መስመር ደርድረን «ተሳትፎ አደገ» ወይም «ቀነሰ» ለማለት ስንነሣ፣ ላዕሉም ሆነ ታሕቱ በየዘመኑ አንድ ዓይነት ነገር ሲቆጥሩ እንዳልኖሩ እናገኛለን።

በምሳሌነት የምወስደው አገራችንን ነው፤ የምመረምረውም የወንዶችን ተሳትፎ ነው። «ለምን ወንዶችን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እገምታለሁ። በትምህርት ጥናቶቻችን የወንዶች ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሴቶች ቁጥር ከእርሱ ምን ያህል እንደሚያንስ ለማሳየት ነው። ሴቶች ልጆች ለረጅም ዘመን ከትምህርት ርቀው ስለ ኖሩ ይህ ንጽጽር ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው። ነገር ግን የወንዶች ቁጥር የመለኪያ በትር ሆኖ ሲያገለግል፣ በትሩ ራሱ ቀጥ ያለ መሆን አለመሆኑን መመርመሩ ተዘነጋ። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ነጥብ ይህ ነው፦ የወንዶች ተሳትፎ ምጣኔ ወደ መቶ በተጠጋባቸው ዓመታት ጭምር ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩ ብዙ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ከዓይናችን የሰወራቸውም በአመዛኙ ቁጥሩን ያነበብንበት መንገድ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የትምህርት ስታትስቲክስ መጽሔት ለእኛ ለተመራማሪዎች ዋነኛው ምንጭ ነው። በዚህ መጽሔት በስፋት የሚታወቀው መለኪያ ጥቅል ተሳትፎ ይባላል። ጥቅል ተሳትፎ ማለት ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን በአንደኛ ደረጃ የተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥር፣ ለደረጃው ተገቢ በሆነው የዕድሜ ክልል ውስጥ ባሉ የአገሪቱ ልጆች ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ምጣኔ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎ ስለ ደነገገ፣ ተገቢው ዕድሜ ከ7 እስከ 14 ዓመት ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል።

በዚህ መለኪያ መሠረት በ1987 ዓ.ም. የወንዶች ጥቅል ተሳትፎ ወደ 32 በመቶ፣ የሴቶች ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወንዶቹ ወደ 61፣ የሴቶቹ ወደ 41 በመቶ ደረሰ። በ1997 ዓ.ም. የወንዶቹ 88 በመቶ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የወንዶቹ ምጣኔ ከመቶ በጥቂቱ አለፈ። የተማሪው ጠቅላላ ቁጥርም በ1987 ዓ.ም. ከነበረው 3 ሚሊዮን ገደማ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

ይህ ዕድገት እውነት ነው። በየገጠሩ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች፣ የተቀጠሩት መምህራን፣ የቀረው የትምህርት ክፍያ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተጀመረው ትምህርት፣ ሁሉም አስተዋጽኦ አላቸው። የዛሬው ንግግሬም ዕድገቱን ለመካድ የታሰበ አይደለም። የምጠይቀው የዕድገቱን መጠን ነው፤ ከዕድገቱ ውጭ የቀረው ማን እንደሆነም እጠይቃለሁ።

ጥቅልና ንጥር

መጀመሪያ «ከመቶ በላይ» የሚለውን እንመልከት። ከመቶ ልጆች መቶ አንዱ እንዴት ይማራል? መልሱ በትርጓሜው ውስጥ ነው። ላዕሉ ዕድሜን አይጠይቅም፤ ታሕቱ ግን ይጠይቃል። የ16 ዓመት ወጣት 5ኛ ክፍል ቢገባ ከላይ ይደመራል፤ ከታች ግን የለም።

አንድ ምናባዊ ቀበሌ እንውሰድ። በቀበሌው ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 400 ወንዶች ልጆች አሉ እንበል። በትምህርት ቤቱ የተመዘገቡት ወንዶችም 400 ናቸው። ጥቅል ተሳትፎው 100 በመቶ ነው፤ ሪፖርቱ ያስደስታል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ከተመዘገቡት ውስጥ 120ዎቹ ከ14 ዓመት በላይ ወይም ከ7 ዓመት በታች ሆነው ተገኙ። እንግዲያው ከተገቢው ዕድሜ ውስጥ የሚማሩት 280 ብቻ ናቸው። ይህ ሁለተኛው መለኪያ ንጥር ተሳትፎ ሲባል፣ ውጤቱ 70 በመቶ ነው። የቀሩት 120 ልጆች ከብት ጥበቃ ላይ፣ እርሻ ላይ ወይም ከተማ ውስጥ ናቸው። በጥቅል ተሳትፎው ውስጥ ያለ ዕድሜያቸው የሚማሩት 120ዎች የማይማሩትን 120ዎች ቦታ ሞልተውላቸዋል።

ይህ ምናባዊ ምሳሌ ብቻ አይደለም። የወንዶች ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ ባለፈበት በ2000 ዓ.ም. የወንዶች ንጥር ተሳትፎ 86 በመቶ ያህል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በዚያው መጽሔት፣ በዚያው ዓመት፣ ለደረጃው ተገቢ ዕድሜ ላይ ከነበሩ ከየመቶው ወንዶች 14ቱ በአንደኛ ደረጃ አልተመዘገቡም ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ታትመዋል። በንግግሮችና በሪፖርቶች ጎልቶ የወጣው ግን ከፍተኛው ነው።

«እንግዲያው ንጥር ተሳትፎን ብቻ እንጠቀም» ትሉ ይሆናል። ይህም የራሱ ችግር አለው። ንጥር ተሳትፎ የሚቆመው በዕድሜ ላይ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ በአገራችን የሚታወቀው በሰነድ አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንዳሳየው ልደታቸው የተመዘገበ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አባት ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ የሚናገረው ዕድሜ ግምት ነው። መምህሩም የልጁን ቁመት አይቶ ያስተካክለዋል። ትምህርት ቤቱ 7 ዓመት የሞላውን ብቻ እንደሚቀበል የሚያውቅ ወላጅ የ6 ዓመቱን ልጅ «ሰባት ሞልቶታል» ይላል፤ የ10 ዓመቱን ዘግይቶ ያመጣም እንዲሁ ዕድሜውን ዝቅ ያደርጋል። ሁሉም በመዝገቡ ላይ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጥቅል ተሳትፎ ልጁን ከዕድሜው ለይቶ ይቆጥራል፤ ንጥር ተሳትፎ ደግሞ በማይታወቅ ዕድሜ ይቆጥራል።

የታሕቱ ጉዳይ

አሁን ወደ ታሕቱ እንውረድ። በአገሪቱ ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ስንት እንደሆኑ የምናውቀው ከሕዝብ ቆጠራ ነው። አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በቆጠራዎቹ መካከል ያሉት ዓመታት ሁሉ በትንበያ ይሞላሉ። የመጀመሪያው ቆጠራ ኤርትራን ያካተተ ስለነበር ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር የአገሩ ክልል ራሱ ተለውጧል። ረጅም መስመር የሚስል ተመራማሪ የትኛዋን ኢትዮጵያ እየለካ እንደሆነ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ትንበያና ቆጠራ ሲጋጩ ምን እንደሚሆን የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በግልጽ አሳይቷል። ለዚያ ዓመት ተሠርቶ የነበረው ትንበያ ከ77 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይጠብቅ ነበር፤ የተቆጠረው 73.75 ሚሊዮን ሆነ። በተለይ በአማራ ክልል የተቆጠረው 17.2 ሚሊዮን ሕዝብ ከቀደመው ትንበያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ በመሆኑ ጉዳዩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጭምር ክርክር አስነሥቷል። የክርክሩ ትኩረት በጀትና ፖለቲካ ነበር። ለእኛ ግን ሌላ ትርጉም አለው። 950,000 ወንዶች ተማሪዎች ያሉበትን አንድ ክልል አስቡ። በትንበያው ለትምህርት የደረሱት ወንዶች 1,000,000 ከሆኑ ተሳትፎው 95 በመቶ ነው። አዲሱ ቆጠራ 900,000 ናቸው ካለ ተሳትፎው በአንድ ሌሊት ከ105 በመቶ ያልፋል። አንድም ልጅ አልተመዘገበም፤ አንድም መምህር አልተቀጠረም። የተለወጠው ታሕቱ ነው።

ይህ ችግር ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ከብዷል። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ሳይካሄድ ቀርቷል። ዛሬ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ በመጨረሻው ቆጠራ ጊዜ አልተወለደም፤ እናቱም በዚያን ጊዜ ራሷ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ልትሆን ትችላለች። የእርሱ ቁጥር የሚገመተው የእናቱ ትውልድ ስንት ልጆች ይወልዳል፣ ከእነርሱስ ስንቱ ይተርፋል በሚለው የቀደመ ግምት ነው። ትንበያ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ስሕተቱ ይሰፋል። በጦርነትና በመፈናቀል ሕዝብ ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ደግሞ የወረዳ ደረጃ ምጣኔዎች ጨርሶ ትርጉም ያጣሉ፤ ተፈናቃይ ያስተናገደው ወረዳ ከመቶ በላይ፣ ነዋሪው የሸሸበት ደግሞ ባዶ ይሆናል።

የላዕሉ ጉዳይ

ላዕሉስ አስተማማኝ ነውን? የተማሪ ቁጥር ጉዞ የሚጀምረው ከመምህሩ የስም መጥሪያ ነው። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም ወደ ሚኒስቴሩ ይሄዳል። በየደረጃው ሰነዱን የሚሞላው ሰው ሌላ ብዙ ሥራ አለበት፤ ቁጥሩም ለእርሱ ውጤት አለው።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ አማካይነት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የድጎማ በጀት በተማሪ ቁጥር የተሰላ ነበር። ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ብዙ ጠመኔና መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በመስከረም ተመዝግቦ በኅዳር የጠፋን ልጅ ከመዝገብ ላለመሰረዝ ምክንያት ይፈጥራል። ጀስቲን ሳንዴፈርና አማንዳ ግላስማን የተባሉ ተመራማሪዎች የበርካታ የአፍሪካ አገሮችን የአስተዳደር መረጃ ከቤተሰብ ዳሰሳዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ይህን የመሰለ ነገር በኬንያ አግኝተዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ ክፍያን አስቀርታ ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ መላክ ከጀመረች በኋላ፣ የአስተዳደር መረጃው ተሳትፎ ማደጉን ሲያሳይ የቤተሰብ ዳሰሳው ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። እንዲህ ላለው ልዩነት መምህራንን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም። ቁጥር ገንዘብ በሚያስገኝበት ሥርዓት ውስጥ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ መታረም ያለበት ሥርዓቱ ነው።

ሌላው ምክንያት ያቋረጠ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መመዝገቡ ነው። በአገራችን ከፍተኛ የማቋረጥ መጠን የሚታየው አንደኛ ክፍል ላይ ነው። አንድ እረኛ ልጅ በመስከረም ይመዘገባል፤ አዝመራው ሲደርስ ይቀራል፤ በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ይመጣል። እንደ ደጋሚ ሊመዘገብ ሲገባው ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው እንደ አዲስ ገቢ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ቢመላለስ ሦስት አዲስ ገቢዎች ሆኖ ይቆጠራል፤ ማንበብ ግን ገና አልጀመረም። የአንደኛ ክፍል ቅበላ ከመቶ በላይ የሚዘለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ኦ-ክፍል ከመስፋፋቱ በፊት ደግሞ ታላላቆቻቸውን ተከትለው የሚመጡ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናት አንደኛ ክፍል ይቀመጡ ነበር። ኦ-ክፍል ሲከፈት እነዚህ ልጆች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ የአንደኛ ክፍል ቁጥርም ይቀንሳል። ያ መቀነስ ጤናማ ለውጥ ቢሆንም በግራፍ ላይ ውድቀት ይመስላል።

መጽሔቱና ዳሰሳው

ከትምህርት ቤት መዝገብ ውጭ ያለው ሁለተኛ ምስክር የቤተሰብ ዳሰሳ ነው። ጠያቂው ቤት ለቤት እየሄደ «ይህ ልጅ በዚህ ዓመት ትምህርት ቤት ሄዷል?» ብሎ ይጠይቃል። በ1997 ዓ.ም. ሁለቱን ምስክሮች ጎን ለጎን ማየት እንችላለን። በሚኒስቴሩ መጽሔት የወንዶች ንጥር ተሳትፎ ወደ 73 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የተገኘው ንጥር ምጣኔ ግን ከግማሽ በታች ነበር።

አንድ አንባቢ ይህን ሲያይ «አንዱ ዋሽቷል» ሊል ይችላል። እኔ የምመክራችሁ ከዚያ በፊት አራት ነገሮችን እንድትጠይቁ ነው። አንደኛ፣ ጊዜው መቼ ነው? ምዝገባ የትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ሥራ ሲሆን፣ ዳሰሳው የተካሄደው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፤ በመካከሉ ያቋረጡ አሉ። ሁለተኛ፣ የዕድሜ ክልሉ የትኛው ነው? መጽሔቱ ከ7 እስከ 14 ዓመት ሲወስድ ዳሰሳው ከ7 እስከ 12 ወስዷል። ዘግይቶ በሚገባበት አገር የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች በብዛት ቤት ናቸው፤ የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ደግሞ በብዛት አንደኛ ደረጃ ናቸው። ስለዚህ ጠባቡ ክልል ዝቅተኛ ውጤት ይሰጣል። ሦስተኛ፣ የተጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው? መመዝገብና መገኘት ይለያያሉ። አራተኛ፣ ታሕቱ ከየት መጣ? ዳሰሳው የራሱን ታሕት ራሱ ይቆጥራል፤ መጽሔቱ ከትንበያ ይወስዳል። እነዚህን ሁሉ ቀናንሰን የሚቀር ልዩነት ካለ፣ እርሱ ነው የመዝገብ ግነት የሚባለው።

ይሁን እንጂ ዳሰሳውም የራሱ ዕውር ቦታ አለው፤ ይህ ዕውር ቦታም በተለይ ወንዶችን ይመለከታል። የቤተሰብ ዳሰሳ የሚጠይቀው በቤተሰብ ውስጥ ያለውን ልጅ ነው። ለሽመና ሥራ ከጋሞ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ልጅ፣ በከተማ ጎዳና የሚያድር ሊስትሮ፣ ከቤተሰቡ ርቆ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው የሚዘዋወር የቆሎ ተማሪ በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ለመገኘት ያላቸው ዕድል አነስተኛ ነው። የቆሎ ተማሪው ነገር በተለይ የሚያስገርም ነው። ለዓመታት ዜማና ቅኔ እየተማረ፣ ለአገሪቱ ረጅም የጽሑፍ ባህል ተተኪ እየሆነ፣ በሚኒስቴሩ መዝገብ ግን ተማሪ አይደለም። በቁርኣን ትምህርት ቤት ብቻ የሚማር ልጅም እንዲሁ ነው። እነዚህን ልጆች በተሳትፎ ውስጥ እንደምር ማለቴ አይደለም፤ መለኪያው የሚለካው መደበኛውን ትምህርት ነውና። ነገር ግን «ከትምህርት ውጭ» የሚለው ስያሜ እረኛውንና የቅኔ ተማሪውን አንድ ላይ እንደሚጨፈልቅ ማወቅ አለብን። ለሁለቱ የሚያስፈልገው ፖሊሲ ፍጹም የተለያየ ነው።

«አንደኛ ደረጃ» ምንድን ነው?

ረጅም መስመር ለመሳል ሦስተኛው እንቅፋት የደረጃው ትርጓሜ ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ በፊት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነበር። ከዚያ እስከ 8ኛ ክፍል ሆነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወደ 6ኛ ክፍል ተመልሶ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። የዩኔስኮ የስታትስቲክስ ተቋም በበኩሉ አገሮችን ለማነጻጸር እንዲመቸው የኢትዮጵያን አንደኛ ደረጃ እንደ ስድስት ዓመት ወስዶ ያሰላል። የዓለም ባንክም የሚያሳትመው ከዚያው የተቀዳውን ነው። ስለዚህ ከዓለም አቀፍ ቋት የተወሰደ ቁጥርና ከሚኒስቴሩ መጽሔት የተወሰደ ቁጥር ለአንድ ዓመት ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ቢሰጡ አትደነቁ። በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት፣ የጎደሉትን ዓመታት ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው እየዘለሉ መሙላት ነው። እንዲህ ሲደረግ በመስመሩ ላይ የሚታየው ዝላይ የልጆቹ ሳይሆን የምንጩ ዝላይ ይሆናል።

በዚህ ላይ የሽፋን ጉዳይ ይጨመራል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት የክልሉን ትምህርት ቤቶች ከአገራዊው መጽሔት ውጭ አድርጓቸው ነበር። ክልሉ ከላዕልም ከታሕትም ሲወጣ አገራዊው ምጣኔ ብዙም ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል። ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ከምጣኔው ወጥተዋልና ምጣኔው የእነርሱን ጉዳት አይናገርም። አንባቢው የግርጌ ማብራሪያውን ካላየ ያ ዓመት እንደ ማንኛውም ዓመት ያልፋል።

የፆታ ምጥጥን ወጥመድ

ቀደም ሲል የወንዶች ቁጥር የመለኪያ በትር ነው ብያለሁ። የፆታ ምጥጥን የሚሰላው የሴቶችን ተሳትፎ በወንዶች ተሳትፎ በማካፈል ነው። በ1987 ዓ.ም. ምጥጥኑ 0.64 ገደማ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ 0.81 ተሻሻለ። በዚያ ዘመን ሁለቱም ቁጥሮች እያደጉ የሴቶቹ ፈጥኖ ስላደገ መሻሻሉ እውነተኛ ነበር።

አሁን ግን አንድ ሌላ ወረዳ አስቡ። ለትምህርት የደረሱ 1,000 ወንዶችና 1,000 ሴቶች አሉ። አምና 900 ወንዶችና 810 ሴቶች ተመዘገቡ፤ ምጥጥኑ 0.90 ነው። ዘንድሮ 820 ወንዶችና 800 ሴቶች ተመዘገቡ፤ ምጥጥኑ 0.98 ሆነ። የወረዳው ሪፖርት «የፆታ እኩልነት በከፍተኛ ሁኔታ ተሻሽሏል» ይላል። በእርግጥ የሆነው ግን 90 ልጆች ከትምህርት መውጣታቸው ነው፤ ከእነርሱም 80ዎቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹም አላተረፉም። ድርቅ በመታው ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ጉልበት በሚፈልስበት አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ለመከሰቱ ምክንያት አለ። ምጥጥን ያለ ሁለቱ ምንጮቹ ብቻውን መታተም የለበትም የምለው ለዚህ ነው። የወንዶችን ቁጥር ለብቻው መመርመር የሴቶችን ጥያቄ አያሳንስም፤ ይልቁንም የሴቶች መሻሻል በወንዶች መውደቅ እንዳይተካ ይጠብቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ምጣኔን ያለ ላዕሉና ያለ ታሕቱ አናትም። ስንት ወንዶች ተመዘገቡ፣ በየትኛው ቆጠራ ላይ በተመሠረተ ትንበያ ተካፈለ የሚለው በአንድ መስመር ሊጻፍ ይችላል። አዲስ ቆጠራ ሲመጣም የኋላ ዓመታትን ምጣኔ በአዲሱ መሠረት እንደገና እናስላ።

ሁለተኛ፣ ታሕት የማያስፈልጋቸውን መለኪያዎች እናዘውትር። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ከነበሩት ወንዶች ውስጥ ደጋሚዎችን ለይተን በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ክፍል የደረሱትን፣ ከአራት ዓመት በኋላ አምስተኛ ክፍል የደረሱትን እንከተል። ይህ ስሌት የሕዝብ ትንበያ አይፈልግም። ትምህርት ቤቶች በሚበዙበትና ልጆች በሚዘዋወሩበት ቦታ ችግር ቢኖረውም፣ የአንደኛ ክፍልን ግነት ወዲያውኑ ያጋልጣል።

ሦስተኛ፣ ያለፈውን ዘመን ከአዋቂዎች ምስክርነት መልሰን እንገንባ። በ1997 ዓ.ም. ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 29 የነበሩ ወንዶች 7 ዓመት የሞላቸው ከ1975 እስከ 1979 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእነርሱ ስንቱ ትምህርት ቤት እንደገባ፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ዳሰሳው ይነግረናል። ከዚያ በኋላ የመጡትን ዳሰሳዎችና ቆጠራዎች በተመሳሳይ መንገድ ስንጠቀም፣ የትምህርት ቤት መዝገብ በማይገኝባቸው ዓመታት ላይ ሁለተኛ መስመር እናገኛለን። በእርግጥ በረሃብና በጦርነት የሞቱት አይመሰክሩም፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተሳታፊውም ራሱን ተማሪ ነበርኩ ሊል ይችላል። ቢሆንም ሁለት ጎዶሎ ምስክሮች በአንድ ነገር ሲስማሙ ከአንድ ጎዶሎ ምስክር ይሻላሉ።

አራተኛ፣ መስመሩ በተቆረጠበት ቦታ ቆርጠን እንሳለው። ትርጓሜ ሲለወጥ፣ አገር ሲለወጥ፣ ክልል ሲጎድል ግራፉ ላይ ክፍተት ይታይ። ያልተቆራረጠ መስመር ለዓይን ያምራል፤ እውነቱ ግን የተቆራረጠው ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ በክልል ቢሮዎችና በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች እነዚህን ቅጾች ትሞላላችሁ፤ ታጠናቅራላችሁ። ከእያንዳንዱ ቅጽ ጀርባ መጽሐፍ የሚታተምለት ወይም የማይታተምለት፣ መምህር የሚመደብለት ወይም የማይመደብለት ልጅ አለ። «በወረዳችን የወንዶች ተሳትፎ 100 በመቶ ደርሷል» የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ ለመፈረም አትቸኩሉ። መዝገቡን አስመጡ፤ ዕድሜያቸውን ለዩ፤ በኅዳር የነበሩትንና በሰኔ የተፈተኑትን አስተያዩ። ከዚያም በትምህርት ሰዓት በመስኩ ላይ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ተመልከቱ። መቶ በመቶ በተባለበት ወረዳ እነዚያ ልጆች በየትኛው ቁጥር ውስጥ እንዳሉ ጠይቁ፤ መልሱ በሪፖርቱ ላይ እስኪጻፍ ድረስም ፊርማችሁን አቆዩ።